ከዝሆን እስከ ድኩላ የሚበቃ ጥይት

ፊታውራሪ ይርዳው ከቆላ አደን በተመለሱ ቁጥር ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ ዝናራቸውን ታጥቀው፣ ግብር እያበሉ ይፎክራሉ። አንድ ቀን በግብሩ መካከል፣ አብሯቸው ቆላ የሚወርደውን ሽማግሌ አዳኝ አስነሡት።

«አንተ ምላሰኛ! ዝሆንም፣ ጎሽም፣ አንበሳም፣ ድኩላም የሚጥል አንድ ጥይት ምረጥ። ለድኩላው ከበዛ ወይም ለዝሆኑ ካነሰ ያቺን አሮጌ ጠመንጃህን እወርሳታለሁ» አሉት።

ሽማግሌው ከእሷ ሌላ እንጀራ አልነበረውም። መኳንንቱ ሳቁ። እሱ ግን እጅ ነሥቶ፣

«የዚያችው አሮጌ ጠመንጃዬ፣ የውጅግራዬ ጥይት ነው፣ ጌታዬ። እስከ ዛሬ የፎከሩበትን አውሬ ሁሉ የጣለው እሱ ነው፤ ከእርስዎ ዝናር ግን አንድም አልጎደለም። ጠመንጃዬን ይውረሱ ግድ የለም፤ ብቻ በሚመጣው በጋ ምን ገደልኩ ብለው ይፎክራሉ?» አላቸው።