ፍየሏ በደንገል ታንኳ

ተረት ተረት ስላችሁ ቀረብ በሉ። አፏ አርፎ የማያውቅ አንዲት ፍየል የሐይቁን አራዊት ልታይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ተሳፈረች። የሚቀዝፈውም የሚያስጎበኘውም ዳክዬ ነበር።

«በቀኝሽ ጉማሬ፣ በግራሽ ሻላ» ይላታል ፊት ፊቱን እያየ።

«ጉድ እኮ ነው!» ትላለች ከኋላው እያኘከች። «አያ ዳክዬ፣ አዞውንስ መቼ ነው የምታሳየኝ?»

«ያ ጉቶ የሚመስለው እሱ ነው። አይዞሽ፣ ታንኳችን ላይ እስካለን አይነካንም።»

ወዲያው የፍየሏ እግር በውኃ ራሰ። ዝቅ ብላ ብታይ ታንኳው ከሥሯ ተቦጭቆ አልቋል።

«ኧረ የሰው ያለህ! ታንኳችንን ምን በላው?» ብላ ጮኸች።

ዳክዬ ዞር ሲል ደንገል ከአፏ ተንጠልጥሎ አየና ክው አለ።

«እመት ፍየል፣ እኔስ ዋናተኛ ነኝ፤ አንቺስ?»

ጉቶ የመሰለው አዞ ዓይኑን ገልጦ ወደ እነሱ መጣ። ፍየሏ ማኘኳን ያቆመችው ገና ያኔ ነው።

ተረቴን ዳር አደረስኩ፤ አፌን አብሱልኝ።