የአንጓች ባቄላ አልላጥም አለ

ተረት ተረት ስላችሁ «የባቄላ እሸት» በሉኝ። የላም በረቱን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባቄላ ነው፣ ያውም ስለ እልኸኛ ባቄላ።

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ሀብት አንዲት የባቄላ ማሳ ናት። በክረምቱ ትኩሳት ጥሏት አልጋ ላይ ዋለች፤ ማሳውን አረም ዋጠው። «ዘንድሮስ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው» እያለች ስታለቅስ ከረመች። ድና ብትወጣ ግን ማሳው ንጹሕ ሆኖ ታርሞ፣ ባቄላው አብቦ ጠበቃት። ይኼንን ያደረጉልኝ የማኅበሬ ሰዎች ናቸው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ጥቅምት ላይ እሸቱ ሲደርስ የማኅበሯን ሰዎች ጠራቻቸው። «ረቡዕ ከገበያ ስትመለሱ ጎራ በሉ፤ ከጾም በኋላ እህል የምትቀምሱት እኔ ቤት ነው» አለቻቸው። የፈለገችው ትንሽ ነገር ናት። እሸቱን ቀቅላ፣ ልጣ፣ ወቅጣ፣ ቃሪያና ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጤና አዳም ከትፋ ልትደባልቅበት፣ ሎሚም ልትጨምቅበት፣ በእንጀራ የሚጠቀስ ማጥቀሻ ልታቀርብላቸው። ለዚያ ሁሉ ውለታ ይኼም ሲያንስ ነው።

ረቡዕ ደረሰ። አንጓች እሸቱን ፈልፍላ ገበቴ ላይ አፈሰሰችና «በል ልጣጭህን አውልቅልኝ» ብትለው፣ ባቄላ ሆዬ «አልላጥም» አለ። «ጥሬዬን ማን ገፎኝ ያውቃል? መጀመሪያ ልቀቀል።»

ወደ ውሃው ሄደች። «ውሃ፣ ባቄላውን ቀቅልልኝ። ባቄላው አልላጥም አለኝ፣ እንግዶቼም እየመጡ ነው።»

«አልቀቅልም» አለ ውሃው እንስራ ውስጥ ተንደላቅቆ። «ቀዝቃዛ ውሃ ምን ይቀቅላል? እሳት ያፍላኝ።»

ወደ እሳቱ ሄደች። «እሳት፣ ውሃውን አፍላልኝ። ውሃው አልቀቅልም አለኝ፣ ባቄላው አልላጥም አለኝ፣ እንግዶቼም እየመጡ ነው።»

እሳቱ አመድ ውስጥ እንደተዳፈነ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። «አላፈላም። እኔ እንደ እናንተ ጾመኛ ነኝ እንዴ? እንጨት አጉርሺኝ።»

ጓሮ ወደተጋደመው ግንድ ሄደች። «እንጨት፣ ንደድልኝ። እሳቱ አላፈላም አለኝ፣ ውሃው አልቀቅልም አለኝ፣ ባቄላው አልላጥም አለኝ፣ እንግዶቼም እየመጡ ነው።»

«አልነድም» አለ እንጨቱ። «ይኼን የሚያህል ግንድ ሆኜ በየት በኩል ምድጃ እገባለሁ? መጥረቢያ ይፍለጠኝ።»

እናንተም ሰለቻችሁ መሰለኝ። ታዲያ አንጓችስ ምን ትበል፣ እሷ እንደሆነች ቆማ ነው የምትለማመጠው።

ወደ መጥረቢያው ሄደች። «መጥረቢያ፣ እንጨቱን ፍለጥልኝ። እንጨቱ አልነድም አለኝ፣ እሳቱ አላፈላም አለኝ፣ ውሃው አልቀቅልም አለኝ፣ ባቄላው አልላጥም አለኝ፣ እንግዶቼም እየመጡ ነው።»

«አልፈልጥም» አለ መጥረቢያው ኩርፍ ብሎ። «ባልሽ ከሞተ ወዲህ ማን ዞር ብሎ አይቶኛል? ዶልዱሜአለሁ። ሞረድ ይሳለኝ።»

ሞረድ ያለው ከታች በኩል ከሚኖሩት ጎረቤቷ ከአያ ሙጬ ቤት ነው። እሱም ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። «ሞረድ፣ መጥረቢያውን ሳልልኝ። መጥረቢያው አልፈልጥም አለኝ፣ እንጨቱ አልነድም አለኝ፣ እሳቱ አላፈላም አለኝ፣ ውሃው አልቀቅልም አለኝ፣ ባቄላው አልላጥም አለኝ፣ እንግዶቼም እየመጡ ነው።»

«አልስልም» አለ ሞረዱ። «ጌታዬ ሳይፈቅዱ ከዚህ ግድግዳ ንቅንቅ የለም።»

አያ ሙጬ ደጃፋቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀምጠዋል። «አያ ሙጬ፣ ሞረድዎን ያውሱኝ። ሞረዱ አልስልም አለኝ፣ መጥረቢያው አልፈልጥም አለኝ፣ እንጨቱ አልነድም አለኝ፣ እሳቱ አላፈላም አለኝ፣ ውሃው አልቀቅልም አለኝ፣ ባቄላው አልላጥም አለኝ፣ እንግዶቼም ይኸው ቁልቁለቱን ጀምረዋል።»

«አላውስም» አሉ አያ ሙጬ።

አንጓች ደነገጠች። እኒህ ሰው ለማኝ እንኳ ባዶ እጁን ሸኝተው አያውቁም። «ምን አጠፋሁ፣ አያ ሙጬ?» አለቻቸው።

አያ ሙጬ ሆድ ብሷቸው ኖሮ አላስቻላቸውም። «እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ‹ማሳዬን ያረማችሁልኝ፣ ልጆቼን ያተረፋችሁልኝ› እያልሽ የማኅበርሽን ሰው ሁሉ ጉልበት ስትስሚ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። እኔን ዘለልሽኝ።»

«እርስዎማ የማኅበራችን ሰው አይደሉም።»

«አረሙ ማኅበርተኛ ነህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።»

አንጓች ዞራ ፊታቸው ቆመች። «እርስዎ ነዎት ያረሙልኝ?»

«ጎረቤቴ ታማ ማሳዋ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ ልይ? ምስጋና ፈልጌ አላረምኩም። ግን ፊቴ ላይ ለሌላ ሰው ስትሰጪው ከፋኝ። ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ።»

ጉልበታቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። «ልጆቼ ዘንድሮ የሚበሉት በእርስዎ እጅ ነው፣ አያ ሙጬ። አላወቅሁም፣ ይቅር ይበሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ካልመጡ ባቄላውም ይቅር፣ ድግሱም ይቅር።»

«በይ ተነሺ፣ ሰዎቹ ደርሰዋል» አሉ አያ ሙጬ፤ እሳቸውም ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ከዚያማ አያ ሙጬ ሞረዱን አዋሱ፣ ሞረዱ መጥረቢያውን ሳለ፣ መጥረቢያው እንጨቱን ፈለጠ፣ እንጨቱ ነደደ፣ እሳቱ ውሃውን አፈላ፣ ውሃው ባቄላውን ቀቀለ፣ ባቄላ ሆዬም ሳይነኩት ልጣጩን እያወለቀ ገበቴው ላይ ዘለለ። ተወቀጠ፣ ተደባለቀ፣ ሎሚ ተጨመቀበት፣ ሽታው ከደጅ ወጥቶ እንግዶቹን ተቀበላቸው።

አንጓች አያ ሙጬን ከሁሉ በላይ አስቀምጣ ነገሩን ለሁሉም ተናገረች። የማኅበሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። «እኔ እኮ ያረመው ሙሴያችን መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት» አለች አንዷ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ደግሞ አንገቱን እያከከ «እኔም እናንተ መስላችሁኝ ነው» አለ። ለካስ ሁሉም ሌላው ያረመ እየመሰለው የሰው ምስጋና ተካፍሎ ኖሯል። አፍረው ሳቁ፤ በሚመጣው ክረምት የአያ ሙጬን ማሳ ሊያርሙም ቃል ገቡ።

አንጓች እንጀራውን ጠቅልላ፣ ማጥቀሻውን በደንብ አጥቅሳ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአያ ሙጬ አጎረሰቻቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከሰው እጅ ጎርሰው አያውቁም። ቀስ ብለው አኝከው ዋጡና አፋቸውን እንደገና ከፈቱ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ። «እኔና አንቺ ደግሞ ተጣልተን ጨርሰናል፤ በይ ድገሚኝ።»

ተረቴን መልሱ፣ ከማጥቀሻውም ቅመሱ።