ሚስማር የተመታበት ጠገራ ብር

ስሟን ማንሳት የማልወደው፣ አጥሯ የፈረሰ አንዲት የድሮ የንግድ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሼህ ጀውሀር የሚባሉ ብር አንጥረኛ ይኖሩ ነበር። ቀን ብር ይሠራሉ፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለተማሪዎች የዲን ኪታብ ያቀራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ገበያው መሀል ከእንጨት ሣጥናቸው ኋላ ተቀምጠው ሰው የተጠራጠረውን ጠገራ ብር ይመረምራሉ። ለዚህ ዋጋ አይቀበሉም። «ደህና ነው» ካሉ ደህና ነው። «የሰው እጅ አለበት» ካሉ ግን ያ ብር ከዚያ በኋላ አንድ አሞሌ አይገዛም።

ያን ጊዜ አንዳንድ አጭበርባሪ ጠገራውን ከፊቱ በኩል ሰንጥቆ፣ ሆዱን ፈልፍሎ እርሳስ ይሞላውና ስንጥቁን መልሶ በብር ይበይደዋል። ብየዳው እንደ ቀጭን ጅማት ከፍ ብሎ ይታያል። ሼህ ጀውሀር ሁልጊዜ መጀመሪያ ያያሉ፤ ቀጥሎ ይመዝናሉ፤ በመጨረሻም ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጣሉ።

በአንድ የረጀብ ወር ቅዳሜ ጨው ነጋዴው ጦይብ ለልጁ ሙሽራ ለዙበይዳ መህር፣ ለጥሎሿ የሚሆን፣ አሥር ጠገራ ይዞ መጣ። የልጅቷ አጎት ሲቀበል አንዱ ላይ ዓይኑ አረፈ። ብሩ ላይ ከታተመችው ንግሥት ግንባር እስከ አንገቷ የወረደ ቀጭን መስመር አለ። ብሩን ወደ ሼሁ ወሰዱት። ሼሁ ገልበጥ አድርገው ሲያዩት የዙህር አዛን ተሰማ። የመጀመሪያው ሰፍ፣ የፊተኛው የሰጋጆች ረድፍ፣ አምልጧቸው አያውቅም።

«ብየዳ ነው፤ የሰው እጅ አለበት» አሉ።

«ሼህ፣ አልመዘኑትም እኮ!» አለ ጦይብ።

«ዓይኔ ሚዛን ነው።»

ብሩን በመብሻ በሱትና ለመቀጣጫ ሣጥናቸው ክዳን ላይ በሚስማር ቸነከሩት። ከዚያ ወደ መስጊድ ሄዱ።

የጋብቻው ውል፣ ኒካሁ፣ ፈረሰ። ጦይብ «እርሳሱ» የሚል ስም ወጣለት። አሞሌ ሊሸጥ ሲቀርብ ገዢዎቹ «እስቲ ስበረው፣ ሆዱ ውስጥ አመድ አይጠፋም!» ይሉት ጀመር። ሁለት ወር ታግሶ ቤተሰቡን ይዞ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቅ ቆላ ወረደ። ዙበይዳንም በሸዋል ወር ለሌላ ሰው ዳሯት።

ለአረፋ ዋዜማ የዙበይዳ አያት እመት ሩቅያ ሼሁ ደጅ መጡ።

«ሼህ ጀውሀር፣ አንድ የዲን ጥያቄ አለኝ።»

«ይጠይቁ እመት ሩቅያ።»

«በሐሰት መህር የታሰረ ኒካህ፣ ኒካህ ነው?»

«ማን ነው በሐሰት መህር የታሰረው?»

«እኔ ነኛ! አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ። ሰባት ወልጄበታለሁ፤ ሰውየውንም ቀብሬዋለሁ። አሁን ምን ልባል?»

ለመህር የተሰጣቸውን፣ ከአንገታቸው ጌጥ የፈቱትን ጠገራ በሼሁ መዳፍ ላይ አኖሩት። ለበዓል በሎሚ ሲያጥቡት ነው ያዩት። ከንግሥቲቱ ግንባር እስከ አንገቷ የወረደ ቀጭን መስመር።

«ወይ ሟቹ ባሌ አታላይ ነው፣ ወይ እርስዎ ተሳስተዋል» አሉ። «እሱ ከድስት ሥጋ ይሰርቅ ነበር፣ አልዋሽም። ብር ሲበይድ ግን አላየሁትም።»

ሼሁ ብሩን ከተቸነከረው አጠገብ ያዙት። መስመሩ የፀጉር ያህል እንኳ አይለያይም። ጦይብ ሠርቶት ይሆን? ከአርባ ዓመት በፊት ጦይብ ጡት ይጠባ ነበር። የእመት ሩቅያን ብር ድንጋይ ላይ ጣሉት፤ እንደ ንጹሕ ብር ጮኸ። የተቸነከረውን ነቅለው መስመሩን በሞረድ ጫሩት። ከሥሩ ብር እንጂ እርሳስ አልወጣም። ምንም ሊገባቸው አልቻለም። ያን ቀን የአስርን ሶላት ሲሰግዱ ስንት ረከዓ እንደሰገዱ ጠፍቶባቸው ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመሩ።

በማግስቱ ከዒድ ሶላት ተመልሰው ሥራ ቤታቸው ሲገቡ በአንገት የሚታሰር የብር ክታብ ማኅደር የሚያትሙበት አሮጌ ብረት ታያቸው። ብረቱ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ሃያ ማኅደር ላይ ያንኑ መስመር አትሞባቸው ነበር። ብሩ ወደ ስንጥቁ ይገባና ከፍ ብሎ ይወጣል። ሰው የሚበይደው እያንዳንዱ ለየቅል ነው፤ የተሰነጠቀ ማተሚያ ግን ሁሌም አንድ ቦታ ነው የሚሳሳተው። ሁለቱ ጠገራዎች ከአንድ የተሰነጠቀ ማተሚያ የወጡ ናቸው።

ይህን የሚያውቀው እሳቸው ብቻ ነው። እመት ሩቅያን «የርስዎ ደህና ነው» ብለው ቢሸኟቸው ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ሼሁ ግን የጦይብን ብር ይዘው በእግራቸው ወደ ቆላ ወረዱ።

«አፉ በለኝ፣ ጦይብ። ብርህ ንጹሕ ነበር።»

ጦይብ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየበት። «ልጅቷስ?»

«እሷማ ተድራለች።»

«ታዲያ ምን ይዘው መጡ?»

«ቀዳዳውን በብር ልድፈንልህ። እንዳልነበረ አደርገዋለሁ።»

«አይድፈኑት!» አለ ጦይብ። «ከደፈኑትማ ያን ጊዜ እውነትም የሰው እጅ አለበት ሊባል ነው። ገበያ ላይ የተናገሩትን ገበያ ላይ ይመልሱ።»

ቅዳሜ ሼህ ጀውሀር ሣጥናቸው ላይ ቆሙ። ጦይብ አጠገባቸው ቆሟል። ሁለቱን ጠገራዎች በሰው መሀል አዞሩ፤ «እርሳሱ» ያሉት ሁሉ መስመሩን በጥፍራቸው ዳሰሱ። ከዚያ ሼሁ እንዲህ አሉ፦

«ማተሚያው የተሳሳተው ከብሩ ምንም አልቀነሰም። የቀነስኩት እኔ ነኝ፤ ቀዳዳውን እዩት።»

ይህን ታሪክ ከብዙ ሰባኪ አፍ ሰምቼዋለሁ። ሁሉም የሼሁን ተዋዱዕ፣ ትሕትናቸውን፣ ያወድሳሉ፤ ልክም ናቸው። ጥያቄውን ያመጣችው አንዲት ባልቴት መሆኗን ግን አንዳቸውም አይናገሩም። አዛኑንም ይዘሉታል። እኔን እስከ ዛሬ ግራ የሚያጋባኝ እሱ ነው። ሼሁ የቸኮሉት ለጥቅም ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ። የቸኮሉት ግን ለሶላት ነው። የአላህን ሐቅ ለመያዝ ሲፈጥኑ የሰው ሐቅ ከእጃቸው ወደቀ፤ ሰጋጆቹም መውደቁን አልሰሙም። ዓይናችን ሚዛን የመሰለን ስንቶቻችን ነን፣ ያውም ለሶላት ታጥበን ውዱእ ላይ ሆነን?

ከዚያ በኋላ ሼሁ ብር በእጃቸው ሳለ አዛን ከተሰማ «ከሶላት በኋላ ና» እያሉ ብሩን ለባለቤቱ ይመልሱ ነበር አሉ። ሶላቱም አይዘገይም፤ ፍርዱም አይቸኩልም። ከገበያው ንግግር ይልቅ እኔ ይህችን ቃል እወዳለሁ። የመህሯ ብር በተበሳበት ቀን ግን ለዙበይዳ ይህችን ቃል ማንም አላለላትም።