አልወርድም ያለው ብርቱካን

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ፈሪ ካለ የጎኑን ሰው እጅ ይያዝ።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ ታማ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። መድኃኒት አዋቂዋ እማማ ዘርፌም፣ "ዛሬም ካልበላች እኔ እፈራለሁ" ብለው ወጡ። ትርንጎ እናቷ እንዳትሰማት ከአጥር ጀርባ ሄዳ ምርር ብላ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ስትመለስ እናቷ በቀጭን ድምፅ፣ "ሰላጣ አማረኝ፤ ብርቱካን በወይራ ፍሬ" አለቻት።

የወይራው ፍሬ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ከርሟል፣ ሽንኩርቱም ዘይቱም አለ። የጠፋው ብርቱካን ነው። ስሟ ትርንጎ ሆኖ ብርቱካን ትጣ!

ወደ ዛፉ ሮጠች። "ብርቱካን፣ ውረድልኝ።" ብርቱካን አልወርድም አለ፤ ፊቱን ወደ ቅጠሉ አዞረ።

ወደ ዱላ ሄደች። "ዱላ፣ ብርቱካንን ምታልኝ፤ ብርቱካን አልወርድም አለ፤ እናቴ ልትሞትብኝ ነው።" ዱላ አልመታም አለ፤ ዓይኗን ማየት ፈራ።

ወደ እሳት ሄደች። "እሳት፣ ዱላን አቃጥልልኝ፤ ዱላ አልመታም አለ፤ ብርቱካን አልወርድም አለ፤ እናቴ ልትሞትብኝ ነው።" እሳት አላቃጥልም አለ፤ አመዱን ተከናነበ።

ወደ ወንዝ ወረደች። "ወንዝ፣ እሳትን አጥፋልኝ፤ እሳት አላቃጥልም አለ፤ ዱላ አልመታም አለ፤ ብርቱካን አልወርድም አለ፤ እናቴ ልትሞትብኝ ነው።" ወንዝ አላጠፋም አለ፤ ድምፁን ዋጥ አድርጎ አለፈ።

"ምን ሆነው ነው የማያዩኝ?" አለች። ወደ በሬ ሄደች። "በሬ፣ ወንዝን ጠጣልኝ፤ ወንዝ አላጠፋም አለ፤ እሳት አላቃጥልም አለ፤ ዱላ አልመታም አለ፤ ብርቱካን አልወርድም አለ፤ እናቴ ልትሞትብኝ ነው።" በሬ አልጠጣም አለ፤ አቀርቅሮ ቀረ።

የበሬው ጌታ አያ ጎበዜ ከደጃቸው ቆመዋል። "አያ ጎበዜ፣ በሬውን ይንዱልኝ፤ በሬ አልጠጣም አለ፤ ወንዝ አላጠፋም አለ፤ እሳት አላቃጥልም አለ፤ ዱላ አልመታም አለ፤ ብርቱካን አልወርድም አለ፤ እናቴ ልትሞትብኝ ነው።"

አያ ጎበዜ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ መጀመሪያ እህል ቅመሽ።"

ትርንጎ ደርቃ ቀረች። እንዲህ የሚባለው መርዶ ሊነገረው ላለ ሰው ነው።

"እናቴ ሞተች?"

"በሬው ነገረኝ። ለበሬው ወንዙ፣ ለወንዙ እሳቱ፣ ለእሳቱ ዱላው፣ ለዱላው ብርቱካኑ። ብርቱካኑ ጠዋት ከአጥራችሁ ጀርባ ለቅሶ ሰምቷል። መርዶውን ከእኔ አትስማ ብለው ነው ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩብሽ።"

"ያለቀስኩትማ እኔ ነኝ! ፈርቼ ነው እንጂ፣ ስወጣ እናቴ አለች! ሰላጣ አምሯታል!"

ያኔ አያ ጎበዜ በሬውን ነዱ፤ በሬ ወንዝ ሊጠጣ ሮጠ፤ ወንዝ እሳት ሊያጠፋ ተነሳ፤ እሳት ዱላ ሊያቃጥል ነደደ፤ ዱላ ብርቱካን ሊመታ ዘለለ፤ ብርቱካን ሳይነካ ዱብ አለ።

ቤት ስትደርስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። እናቷ ዓይኗን ጨፍናለች። ትርንጎ ብርቱካኑን ልጣ ቆራረጠች፤ የወይራውን ፍሬ፣ ሽንኩርቱንና ዘይቱን ጨምራ ወደ እናቷ አፍ አስጠጋች።

ከንፈሯ ተከፈተ። አላመጠች፤ ዋጠች።

"ምነው፣ ቃሪያ የለውም እንዴ?" አለች እናት።

ትርንጎ ከደስታዋ ብዛት ልታለቅስ አለችና ቶሎ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዛፉ ላይ የቀሩት ብርቱካኖች ይሰሙ የለ!

በሉ አሁን የያዛችሁትን እጅ ልቀቁ።