ያልተቀመሰው ጠጅ

አንድ የገበያ ከተማ ውስጥ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ስመ ጥር ጠጅ ጣይ ነበሩ። ሠርግ የደገሰ፣ ተዝካር የሚያወጣ ሁሉ ደጃቸውን ይጠናል። «የደብሪቱን ጠጅ ያልቀመሰ ከተማውን አየሁ አይበል» ይባል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ጋን ሲከፈት ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ የመጀመሪያዋን ብርሌ የሚጠጡት ባላምባራስ ይርዳው ናቸው። እሳቸው «ግሩም ነው» ካሉ ግሩም ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የራሱን ምላስ ኪሱ ከትቶ ይጠጣል።

ከወንዙ ዳር ደግሞ ይመኙሻል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሁለት ልጆቿን ይዛ ከሩቅ አገር መጥታ ትንሽ ጠጅ ቤት ከፍታለች። ጠጇ ጥሩ ነው፤ ግን ማን ይቅመሰው? «የወንዝ ዳር ጠጅ ሆድ ይነፋል» አሉ። ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም፣ አገሩ ሁሉ ግን ተቀባበለው።

አንድ ክረምት እትዬ ደብሪቱን ክፉ ጉንፋን ጣላቸው። ከአልጋ ሲነሡ ሽታም ጣዕምም ከድቷቸው ነበር። ማሩም ጌሾውም ለአፋቸው ውኃ ሆነ። ይሉኝታም ፍርሃትም ይዟቸው ለማንም አልተናገሩም። እጃቸው በለመደው መጠን ጣሉ፣ ይጣፍጥ ይኮምጥጥ ሳይለዩ በለመዱት ቀን ከፈቱ። ግን ሠላሳ ዓመት የጠጪ ፊት ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸውና አንድ ነገር አላመለጣቸውም፤ የሰዉ አፍ ያመሰግናል፣ ፊቱ ግን ይጨማደዳል።

«ባላምባራስ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። ጠጁ አልተበላሸም?» ብለው አንድ ቅዳሜ ጠየቁ።

«የደብሪቱ ጠጅ? ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች በይኛ!» ብለው ሳቁ ባላምባራስ። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!»

ቤቱ ሁሉ «አሜን» አለ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ደብሪቱ አንድ ብርሌ ጠጅ በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ወንዝ ዳር ወረዱ። ይመኙሻል ቀመሰችና መሬት መሬት አየች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይኼ ኮምጥጧል።»

አሮጊቷ አለቀሱ። ለቅሷቸው የኀዘን ብቻ አልነበረም፤ ከታመሙ ወዲህ እውነቱን የነገረቻቸው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ይመኙሻልም የራሷን ጉድ አጫወተቻቸው። ቤቷን ዘግታ ወደ ወንድሟ ልትመለስ ነው። «ሚስቱ ዓይኔን ማየት አትፈልግም። ልጆቼ የሰው ፊት እያዩ ሊያድጉ ነው። ሰው ገብቶ ቀምሶ ቢጠላው አይቆጨኝም ነበር፤ ሳይቀምሱ ነው የጠሉኝ።»

«ይቀምሱታል!» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ቅዳሜ ያንቺን ጠጅ እኔ ቤት፣ በእኔ ብርሌ አቀርባለሁ። ጠጥተው ሲያመሰግኑ ያንቺ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ቤቴን ዘግቼ ሰዉን ወዳንቺ እሰድደዋለሁ።»

ቅዳሜ ደረሰ። ይመኙሻል ከጓዳው በር ኋላ ቆማ ትሰማለች። ባላምባራስ ይርዳው ተጎነጩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አቤት! ደብሪቱ፣ ዛሬስ ከራስሽም በለጥሽ!»

ቤቱ ተንጫጫ፤ በላይ በላዩ ተቀዳ። ያኔ እትዬ ደብሪቱ መሀል ቤት ቆሙ።

«ይኼ የእኔ ጠጅ አይደለም። የወንዝ ዳሯ የይመኙሻል ነው። እኔ ከታመምኩ ወዲህ አፌ አይቀምስም፤ እስካሁን ስታሞግሱት የከረማችሁት ሆምጣጤ ነው።»

ባላምባራስ ብርሌያቸውን አዩት፤ እንደገና ፉት አሉና ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«እኔም እኮ መጀመሪያውኑ ተሰምቶኛል። የወንዝ ሽታ አለው።»

«አለው» አለ አጠገባቸው የተቀመጠው።

«ሆዴንም ነፋኝ» አለ ሌላው። «እትዬ ደብሪቱ ግን ደግነታቸው! ለባዕድ ሴት ብለው የገዛ ጠጃቸውን ሆምጣጤ ይበሉት?»

ብርሌያቸውን ሳይጨርሱ እያስቀመጡ ወጡ። ይመኙሻል ከጓዳ አልወጣችም።

ሰኞ ዕለት ልጆቿን ይዛ ከተማውን ለቀቀች። እትዬ ደብሪቱ እስከ ድልድዩ ሸኟት፤ ይቅርታ ሊጠይቋት ፈልገው ልጆቿን ብቻ ሳሙ። እሷም ጉልበታቸውን ስማ ሄደች።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው ከዚያ የባሰው ሐሳብ የመጣባቸው። የእኔስ ጠጅ፣ ያ ሠላሳ ዓመት የተመሰገነው፣ በእውነት ጥሩ ነበር ይሆን? ሆምጣጤውን ያወደሱ ሰዎች የቀድሞውንስ ቀምሰውት ነው ያወደሱት? የራሴስ ምላስ ውዳሴውን እየሰማ ቢሆንስ የቀመሰው? አሁን እሳቸው ቀምሰው እንዳይለዩ አፋቸው ከድቷቸዋል። ጠይቀው እንዳይረዱ፣ እውነት የምትነግራቸው ብቸኛ ሴት ድልድዩን ተሻግራ ሄዳለች። እትዬ ደብሪቱ መልሱን ሳያውቁት ሞቱ። ለቀስተኛው ሁሉ ጠጃቸውን እያነሣ አለቀሰ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ እውነት ነው። ሳንቀምስ የምንሰጠው ስም ግን በቁም ይቀብራል። ያልታወቀውን ሰው ከደጃችን ያባርረዋል፤ የታወቀውም ቢሆን ውዳሴያችንን እየሰማ፣ የሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይሞታል።

ወዳጄ፣ ዛሬ «ግሩም ነው» ያልከውን ቀምሰኸው ነው ወይስ ባላምባራስ ስላሉ?