ኮረብታ ላይ የተሠራች ታንኳ

፦ ተረት ተረት!
፦ የሐይቅ ዳር መሬት!

ጠጋ በሉ እንግዲህ። እሳቱን ተዉት፣ ይበቃል።

በድሮ ዘመን በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር አንዳርጌ የሚባል ሰውና ትርንጎ የምትባል ሚስቱ ይኖሩ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ውኃ ዳር ከሚበቅል ደንገል በታሰረ ታንኳ ሰው እያሻገሩ ያድሩ ነበር። የታንኳቸውን መቆሚያ አንዳርጌ ከአባቱ ወርሶት ነበር። ጎረቤታቸው ካሴ ግን ተመኘው። ተመኘና ዳኛ ፊት ቆሞ «የኔ ነው» ብሎ ማለ። ዳኛውም መሐላውን ሰማና ፈረደለት። የአንዳርጌ አባት ታንኳ እዚያ ስትቆም ያዩ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው መሬት መሬቱን አዩ።

ባልና ሚስቱ ከውኃው ርቀው ኮረብታ ላይ ጎጆ ቀለሱ። አሮጌዋ ታንኳቸው በስብሳ ስታልቅም አንዳርጌ ግቢው ውስጥ አዲስ ታንኳ መሥራት ጀመረ።

፦ ምን ልታደርግባት ነው? አለችው ትርንጎ።

፦ ማዶ ትልቅ ዳኛ አለ። ተሻግሬ ይግባኝ እላለሁ።

፦ እንግዲያው ቶሎ በል። እኔም እህቴን አያለሁ። ካየኋት ስንት ዘመኔ!

የትርንጎ እህት ማዶ ነበር ያገባችው። ትርንጎ ከእሷ ሌላ ዘመድ አልነበራትም።

ትርንጎ ደንገሉን አጨደችና በጀርባዋ አመጣች። እሷ ልጡን ትገምዳለች፣ እሱ በጉልበቱ ረግጦ ያስራል። ታንኳዋም አለቀች። ለሁለት ሰው ትበቃ ነበር።

፦ እንውረዳ! አለች ትርንጎ።

፦ በዚህች? ዳኛ እኮ ሰውን በአመጣጡ ነው የሚያየው። እንደ ለማኝ ከመጣሁ የለማኝ ፍርድ ይሰጠኛል።

ከዚያም ጎኗን አሰፋ። የሰሌን ጥላ አቆመላት። ጥላው ሲያልቅ መደብ አበጀ። መደቡ ሲያልቅ በጭቃ የተመረገ ምድጃ አኖረባት። እሱ ላዩን ሲያሳምር ታቹ መሬት ላይ ከርሞ ይበሰብሳል። ደንገል ነዋ! ክረምት ሲወጣ ያፈርስና እንደገና ያስራል። ትርንጎም እንደገና ታጭዳለች። ጠጉሯ እዚያው ደንገል ውስጥ ሸበተ።

መንገደኛው ሲያልፍ ይስቃል።

፦ አንዳርጌ! ሐይቁ ሽቅብ እስኪወጣልህ ነው የምትጠብቀው?

እሱ አይመልስም። ለዳኛው የሚናገረውን ለታንኳዋ ይናገራል። ለሚስቱ የሚናገረው ግን እያለቀበት ሄደ። ሁለቱ አንድ ገመድ ከወዲህና ከወዲያ ይዘው ይውላሉ።

አንድ ቀን ከማዶ የመጣ ሰው በራቸው ላይ ቆመ።

፦ ትርንጎ አንቺ ነሽ? እህትሽ ታማለች። ዓይኗ በር በሩን ያያል፣ ስምሽን ትጠራለች።

ትርንጎ ነጠላዋን አነሳች።

፦ ተነሣ፣ እንሂድ።

፦ ጥላው እኮ አልታሰረም። ትንሽ ታገሺኝ።

፦ እኔስ ልታገሥ፤ ሞት ይታገሣል?

፦ ዳኛው እንዲህ ሆኜ ቢያየኝ...

፦ አንተ ሰው! ካሴ የወሰደብህ መቆሚያህን ነበር። የቀረውን ራስህ ጨምረህ ሰጠኸው።

ይህን አለችና ቁልቁል ወረደች። ካሴ እርጥብ ታንኳው ላይ ቁጭ ብሏል። ሌላ አሻጋሪ አልነበረም።

፦ አሻግረኝ፣ አያ ካሴ።

፦ ባልሽ ምን ይላል?

፦ ምንም አይል። ከላይ ሆኖ ያያል።

አንዳርጌም አየ። ገመዱን በእጁ እንደያዘ አየ፣ አልተጣራም።

መሃል ሐይቅ ሲደርሱ ትርንጎ ጠየቀች።

፦ መቆሚያው የማን እንደሆነ ታውቃለህ?

፦ አውቃለሁ እንጂ። የአንዳርጌ ነው።

፦ ታዲያ ለዳኛው ምነው አልነገርኸው?

፦ ዳኛው መቼ ጠየቀኝ? ማል አለኝ፣ ማልሁ።

ከእሷና ከውኃው በቀር የሰማ የለም።

ትርንጎ እህቷ ሳትሞት ደረሰችላት። ውኃ አጠጣቻት። ስትሞትም ቀበረቻት። የእህቷ ባል ቀድሞ ሞቶ ነበርና በእህቷ ቤት ብቻዋን ተቀመጠች።

አንዳርጌ ታንኳዋን ጨረሰ። አቤት ስታምር! ንጹሕ ልብሱን ለበሰና ሊያወርዳት ብድግ ቢያደርጋት እንቢ አለች። የሁለት ሰው ሸክም ናታ! ጎረቤት ተጣራ። ነገር ግን ለሰው መልስ ከነሣ ቆይቷልና የመጣለት የለም። ምድጃውን አወረደ፤ እንቢ። መደቡን ነቀለ፤ እንቢ። ጥላውን አፈረሰ፣ ጎኗን ፈታ። በመጨረሻ አንዲት ነዶ ደንገል ቀረች። እሷን በአናቱ ተሸከመና ወረደ።

ነዶዋን ታቅፎ እየዋኘ ተሻገረ። ማዶ ሲወጣ የዳኛው ቤት ከፊቱ ነበር። ውኃ እየተንጠባጠበ ደጁ ላይ ብዙ ቆመ። ከዚያም ሳይገባ አልፎ ሄደ።

ትርንጎን ደጇ ላይ ምስር ስትለቅም አገኛት። ቀና አላለችም።

፦ ፍርድ አገኘህ?

፦ አልጠየቅሁም።

፦ ታንኳህስ?

፦ ብቻዬን አልቻልኋትም።

ትርንጎ ምስሯን ለቀመች። እሱም ቆመ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመ። በኋላ ሰፌዱን አስቀመጠች።

፦ እህቴ ሳትሞት «ባልሽስ?» አለችኝ። «ከኋላዬ ይመጣል» አልኋት። ግባ። ዘግይተህም ቢሆን ከሐሰት አወጣኸኝ።

ካሴማ? ተቀጣ እንድላችሁ አትጠብቁ። መቆሚያውን ይዞ አረጀ፣ ልጆቹም ወረሱት። ተረት ነው ብዬ አልዋሻችሁም።

በሉ፣ ተረቴን ወደ ቤቱ መልሱ፤ የደረቀ አፌንም በትኩስ ዳቦ አብሱ።