አቧራ የጠላው ድንጉላ

በሉ ተጠጉ፤ እዚያ ጥግ እየተጎሻሸማችሁ የምትስቁትም ዝም በሉና ስሙኝ። ዝንብ ወሬ አቀባይ፣ ፈረስም ወሬ ሰሚ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ አናቱ ለጥ ያለ ሜዳ በሆነ ተራራ ላይ ጌታም ልጓምም የማያውቁ የዱር ፈረሶች ይኖሩ ነበር።

የመንጋው አባወራ ዳማ የሚባል ድንጉላ ነበር። መልኩ ያማረ፣ ጋማው የተንዠረገገ፣ ይህንንም ከማንም በላይ ራሱ የሚያውቅ። ውሃ የመውረጃ ሰዓት ሲደርስ ግን ከፊት የምትመራው እትዬ ቡላ የምትባል አሮጊት ባዝራ ነበረች። እሷ ትነሳለች፣ ባዝሮቹ ይከተሏታል፣ ውርንጭሎቹም ይከተላሉ፤ ዳማ ከሁሉም ኋላ ይሄዳል። የአያት የቅድመ አያት ወግ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ሌላም ወግ ነበራቸው። ፀሐይ ስትከርር ሁለት ሁለት ሆነው፣ የአንዱ ፊት በሌላው ጭራ በኩል ሆኖ ይቆማሉ። አንዱ ጭራውን ሲወዘውዝ ከሌላው ዓይን ላይ ዝንብ ይባረራል። ታዲያ ዝንብ በዚህ ነገር አንጀቷ አርሮ ነበር። ይህን ጥንድ ጥንድ መቆም ካላፈረሰች ጠግባ ላታድር ነው። እናም አንድ ቀን ዳማ ጆሮ ውስጥ ገባች።

«ጌታዬ፣ አባወራ ሆነህ የሴቶች አቧራ ትቅማለህ?» አለችው።

ዳማ እስከዚያች ቀን አቧራ መቃሙን ልብ ብሎት አያውቅም። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ጉሮሮውን ይከረክረው ጀመር።

በማግስቱ ከፊት ካልሆንኩ አለ። እትዬ ቡላ ቀና ብላ አየችውና መንገዱን ለቀቀችለት። እየተጎማለለ መራቸው፤ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ኩሬ ላይ አደረሳቸው።

«እኔ ከደረቅሁ ከረምኩ» አለው ኩሬው። «እትዬ ቡላን ብትጠይቃት ትነግርህ ነበር።»

ዳማም መሬቱን በኮቴው እየጫረ፣ ኩሬውን እንዴት ከረምክ ልለው ነው የመጣሁት አለ።

በሁለተኛው ቀን ደግሞ መርቶ ገደል አፋፍ አደረሳቸው። ማዶ ያለውን አገር ላሳያችሁ ብዬ ነው አላቸው። ባዝሮቹ ጠምቷቸዋል፣ ተናደዋል። ፀሐይ ስትከርር ጭራዋን ልታውሰው የወደደች አልተገኘችም፤ ብቻውን ቆመ። ዝንብም ዘመድ አዝማዷን ጠርታ ዓይኑ ላይ ድግስ ደገሰች።

በሦስተኛው ቀን ዓይኑ አብጦ፣ ጋማው ተንጨባሮ፣ አሁንም ከፊት ነው። የእትዬ ቡላ የልጅ ልጅ ድንቡሼ ግን እግሯ ገና ያልጠና ውርንጭላ ነበረችና ደክሟት ወደ ኋላ ቀረች። ጅብ ደግሞ ዱሮም የሚመጣው ከኋላ ነው። የዳማን ኮቴ ፈርቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ምራቁን ሲውጥ የኖረ ጅብ፣ ዛሬ ከመንጋው ኋላ ጠባቂ እንደሌለ አየና ወጣ።

ድንቡሼ ስትጮህ ዳማ ከፊት ነው። በእሱና በእሷ መካከል መንጋው ሁሉ ተሰልፏል። የአያቶቹ ወግ ለምን እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው። ባዝሮቹን እየገፋ፣ እየዘለለ ወደ ኋላ ሮጠ። ሲደርስ ጅቡ ድንቡሼን በጭራዋ ነክሶ ይጎትታል። ዳማ ዞረና በሁለቱ የኋላ እግሮቹ መንጋጋው ላይ አሳረፈበት። ጅብም የጭራዋን ጫፍ እንደያዘ ፈረጠጠ።

በማግስቱ እትዬ ቡላ ተነስታ መንገድ ጀመረች። ዳማም ከኋላ ሆነ። ዝንብ መጣች።

«ዛሬም አቧራ ልትቅም ነው ጌታዬ?»

«አዎ» አላት። «አቧራቸውን ስቅም ሁሉም ከፊቴ እንዳሉ አውቃለሁ።»

ፀሐይ ስትከርር ድንቡሼ መጥታ አጠገቡ ቆመች፣ ጭራዋን ልታውሰው። ያቺን ቁራጭ ጭራ ወዘወዘች፣ ወዘወዘች፤ አንድ ዝንብ እንኳ አልተነሳም። ዳማ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እፎይ፣ እግዜር ይስጥሽ» አላት።

እኔ ጨረስኩ። ከእናንተም መካከል ሁልጊዜ ከፊት ካልሆንኩ የሚል አለ፤ ስሙን አልጠራም። ከፊት መሆን ያምራል፤ ግን ቦታውን ጥሎ የሄደ ሰው፣ ጅቡ የሚይዝበት እሱን ሳይሆን ከኋላ የቀረውን ልጅ ነው። በሉ አሁን ዝንባችሁን ከጆሯችሁ አውጡና ተነሱ።